ካልኩሌተሩ ይሠራል፣ ተማሪው ግን አልገባውም፦ ፍሌክስንና ባይሰንን እንዴት እናስተምር?

ጥያቄ፦ «ሀዋሳ ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ አስተምራለሁ። ዘንድሮ የኮምፓይለር ዲዛይን ኮርስ ተሰጥቶኛል። ላብ ላይ ፍሌክስና ባይሰን እንጠቀማለን፤ ፍሌክስ ጽሑፍን ወደ ቃላት የሚከፍል ሌክሰር ያመርታል፣ ባይሰን ደግሞ የቃላቱን አደረጃጀት የሚያነብ ፓርሰር። ተማሪዎቹ ካልኩሌተሩን ከኢንተርኔት አውርደው ያስረክባሉ፤ ይሠራልም። አንድ ነገር ጨምሩበት ስላቸው ግን እጃቸው ይታሰራል። ቲዎሪውን ጨርሼ ወደ ቱሉ ልግባ? ወይስ ቱሉን ትቼ ሁሉንም በእጃቸው ላጽፋቸው? አንትለር የተባለው ሌላ ቱል ይሻላል የሚሉኝም አሉ።»

ምላሽ፦ ሰላም መምህርት። ይህንኑ ኮርስ አዳማ ላይ አስተምራለሁ፤ የነገሩኝን ነገር በየዓመቱ አየዋለሁ። መልሴን ላስቀድም። ቱሉን አይተዉት። ቲዎሪው እስኪያልቅም አይጠብቁ። የሚቀየረው ነጥብ የሚሰጡበት ነገር ነው። ተማሪው የሚሠራ ካልኩሌተር ስላመጣ ነጥብ አያግኝ። ባይሰን «ኮንፍሊክት አለ» (ሁለት አማራጭ አጋጠመኝ) ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አንብቦ ሲያስረዳ፣ ከዚያም የሚሠራ የሚመስለውን ፓርሰር የሚያጋልጥ ግብዓት ሲያመጣ ያግኝ።

ለምን እንደዚህ እንደምል በምሳሌ ላሳይዎት። ተማሪ ለብቻው ሲተው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጽፈው ግራመር (የቋንቋው ሕጎች ዝርዝር) ይህ ነው፦

ስሌት : ስሌት + ስሌት
| ስሌት - ስሌት
| ስሌት * ስሌት
| ስሌት / ስሌት
| ቁጥር

ባይሰን ይህን ሲያነብ 16 የሺፍት/ሪዲዩስ (ቀጣዩን ልጨምር ወይስ ያለውን ልጠቅልል የሚል) ኮንፍሊክት እንዳለ ያስጠነቅቃል። ነገር ግን ዋርኒንግ እንጂ ኤረር አይደለም። ፓርሰሩን አምርቶ ይሰጣል። ተማሪው 2 + 3 * 4 ብሎ ይሞክራል፤ 14 ይወጣል። 10 + 4 + 3 ይላል፤ 17 ይወጣል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ዋርኒንጉን ረስቶ ያስረክባል።

አሁን 10 - 4 - 3 ያስገቡለት። 3 ማለት ሲገባው 9 ይላል። 2 * 3 + 4 ያስገቡለት። 10 ማለት ሲገባው 14 ይላል። ምክንያቱ ለሁለቱም አንድ ነው። ባይሰን «ልጨምር ወይስ ልጠቅልል?» የሚል ጥርጣሬ ውስጥ ሲገባ፣ ሌላ ነገር ካልተነገረው በስተቀር ሺፍትን ይመርጣል። ስለዚህ ሁሉንም ከቀኝ በኩል ያስራል፦ 10 - (4 - 3)፣ 2 * (3 + 4)። 2 + 3 * 4 ትክክል የወጣው በዕድል ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ሁሉም ተማሪ መጀመሪያ የሚሞክረው ይህንኑ መሆኑ ነው።

እኔ ብሆን የመጀመሪያውን የባይሰን ላብ ሙሉ በሙሉ ለዚህ እሰጠዋለሁ። ግራመሩን ከነስህተቱ ይስጧቸው። አክሽኑ (ሕጉ ሲገጥም የሚሠራው የሲ ኮድ) ውስጥ ግን ስሌቱን አያሠሯቸው። እያንዳንዱ ሕግ ሪዲዩስ ሲሆን ውጤቱን በቅንፍ ከብቦ እንዲያትም ያድርጉ። 10 - 4 - 3 ሲገባ (10-(4-3)) ብሎ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማውን ድምፅ ያዩታል። ቁጥር ብቻ ቢወጣ ኖሮ «ስሌቱ የት ጋ ተበላሸ?» እያሉ የሲ ኮዱን ያገላብጡ ነበር። ቅንፉ ግን ችግሩ ዛፉ (ፓርሰሩ ግብዓቱን ያሰረበት ቅርጽ) ላይ እንደሆነ ወዲያው ይነግራቸዋል።

ቀጥለው «16 ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቋቸው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በእጅ ይደረስበታል። ፓርሰሩ «ስሌት ኦፕሬተር ስሌት» አንብቦ የሚቆምባቸው 4 ስቴቶች (ሁኔታዎች) አሉ፤ ለእያንዳንዱ ኦፕሬተር አንድ። በእያንዳንዱ ስቴት ቀጥሎ ከ4ቱ ኦፕሬተሮች አንዱ ሊመጣ ይችላል። 4 በ4 ሲባዛ 16። ተማሪ ይህን ቁጥር ራሱ ሲደርስበት፣ ቦርድ ላይ ሲያያቸው የነበሩት የኤልአር (ባይሰን የሚከተለው የፓርሲንግ ዘዴ) ሠንጠረዦች ድንገት ሕይወት ይዘራሉ። ቲዎሪውን ያኔ ያስገቡ። የኤልአር ሐሳብ የዶናልድ ክኑት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1965። ሠንጠረዡን አሳንሶ ለሥራ የሚመች ያደረገው ኤልኤኤልአር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 ከፍራንክ ደሬመር መጣ። ባይሰን ሳይነገረው የሚጠቀመው ይህንን ነው።

ሪፖርቱን ለማንበብ ትልቅ እገዛ አለ። ባይሰን ከ3.7 ጀምሮ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ፣ ካውንተርኤግዛምፕል (ኮንፍሊክቱን የሚያሳይ ምሳሌ) ያወጣል። በትእዛዝ መስመሩ ላይ ዋርኒንጉን ካበሩለት ኮንፍሊክቱን በረቂቅ የስቴት ቁጥር ብቻ አይነግርዎትም። ይህን የመሰለ መስመር ያሳያል፦

ስሌት - ስሌት • - ስሌት

ነጥቧ ፓርሰሩ የቆመበት ቦታ ናት። ከሥሩ ሁለቱን ዛፎች ይሥላቸዋል፤ አንዱ ሺፍት ቢያደርግ የሚሆነው፣ ሌላው ሪዲዩስ ቢያደርግ የሚሆነው። ተማሪው ማድረግ ያለበት በ«ስሌት» ቦታ ቁጥር መተካት ብቻ ነው፤ የሚያጋልጥ ግብዓት አገኘ ማለት ነው። ታዲያ ላቡ ላይ የተጫነውን ቨርዥን አስቀድመው ያረጋግጡ። ኡቡንቱ 20.04 ይዞ የሚመጣው ባይሰን 3.5.1 ነው፤ ይህ ነገር የለውም። 22.04 ላይ 3.8.2 ስለሆነ ይኖራል። ማክ የያዘ ተማሪ ካለ ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው 2.3 ነው፤ አዲሱን ለብቻው ይጫን።

ማስተካከያው ላይ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። ሁለት መንገድ እንዳለ ያውቃሉ። አንዱ ግራመሩን በደረጃ መክፈል ነው፦ ስሌት ከተርም፣ ተርም ከፋክተር። ሌላው ፋይሉ አናት ላይ የኦፕሬተሮቹን ቅደም ተከተል በሌፍትና በራይት (ከግራ ወይስ ከቀኝ ይታሰር በሚል) ማወጅ ነው። ሁለተኛው አጭር ነው፤ ባለሙያውም የሚጠቀመው እሱን ነው። ለተማሪ ግን የመጀመሪያው ይቅደም። አዋጁ ኮንፍሊክቱን ዝም ያሰኘዋል፤ ያልገባው ሰው ደግሞ ዋርኒንግ ባየ ቁጥር ሌፍት እየለጠፈ መኖር ይለምዳል። ግራመሩን በእጁ ከፍሎ 16ቱ ኮንፍሊክቶች ወደ ዜሮ ሲወርዱ ያየ ተማሪ፣ አዋጁን ሲያገኘው ምን ሥራ እንዳቀለለለት ይገባዋል።

«በእጃቸው ላጽፋቸው?» ላሉት፦ ሌክሰሩን አዎ፣ ፓርሰሩንም በትንሹ። ቁጥርን፣ ስምንና አራቱን ኦፕሬተሮች የሚለይ ሌክሰር በሲ መጻፍ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ቀጥሎ ለሒሳብ ብቻ የሚሆን ሪከርሲቭ ዲሰንት (ለእያንዳንዱ ሕግ አንድ ፋንክሽን የሚጻፍበት) ፓርሰር ይጻፉ። እዚያ ላይ ሌፍት ሪከርሽን ያለው (በራሱ ስም የሚጀምር) ሕግ ፋንክሽኑን ማለቂያ በሌለው ጥሪ ውስጥ ሲከተው ያዩታል። ይህን ካዩ በኋላ ወደ ባይሰን ሲመጡ ግን ተቃራኒውን በግልጽ ይንገሯቸው፤ ባይሰን ላይ ሌፍት ሪከርሽን የሚመረጠው ነው። ዝርዝሩ ራይት ሪከርሲቭ ከሆነ መጨረሻው እስኪመጣ ድረስ ሁሉም ነገር ስታኩ ላይ ይከማቻል። ብዙ ተማሪ የኤልኤል (የሪከርሲቭ ዲሰንት ዘዴ) ምዕራፍን ሸምድዶ የባይሰን ግራመሩን ያለ ምክንያት ሲያጣምመው አያለሁ። ይህ የተማሪው ጥፋት አይደለም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያሳየው ሰው ስለሌለ ነው።

አሁን በጣም ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ከኢንተርኔት መቅዳትን በቁጣ አያስቆሙትም። ኢንተርኔት ላይ የሌለ ቋንቋ ይስጧቸው። በአማርኛ የሚጻፍ ትንሽ ቋንቋ! ለሀዋሳ ልጆች የባጃጅ ታሪፍ ጥሩ ርዕስ ነው። ሁሉም ያውቀዋል፣ ሕጉም ውስብስብነቱን የሚያገኘው ከራሱ ከኑሮው ነው። ለምሳሌ፦

ታሪፍ ፒያሳ አቶቴ 15።
ታሪፍ መናኸሪያ ታቦር ማታ ከሆነ 20 አለበለዚያ 15።

ዋጋዎቹን እንዲሁ ለምሳሌ ነው የጻፍኳቸው። መምህርት፣ እነዚህ ሁለት መስመሮች ምን ያህል ትምህርት እንደያዙ ልንገርዎት።

መጀመሪያ ሌክሰሩ። የፍሌክስ ቀዳሚ የሆነው ሌክስ ከእ.ኤ.አ. 1975 የመጣ ነው፤ ማይክ ሌስክና ኤሪክ ሽሚት ቤል ላብስ ሆነው ሠሩት። (አዎ፣ በኋላ ጉግልን የመራው ኤሪክ ሽሚት ነው። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ይነቃሉ።) ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ሠንጠረዥ) ውስጥ የገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ፍሌክስ እስከዛሬ የሚያየው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ከሆነ» ለእኛ 3 ፊደል፣ ለፍሌክስ 9 ባይት ነው።

ተማሪው ለስም የሚሆን ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የቃል ቅርጽ መግለጫ) ጻፍ ሲባል [ሀ-ፐ]+ ብሎ ይጽፋል። ይሞክረዋል፤ ይሠራል። እንዲሠራ ያደረገው ግን ያሰበው ምክንያት አይደለም። ፍሌክስ ቅንፉ ውስጥ የሚያየው የ«ሀ»ን ሦስት ባይቶች፣ ሰረዝ፣ ከዚያ የ«ፐ»ን ሦስት ባይቶች ነው። ሰረዙ የሚያገናኘው የ«ሀ»ን የመጨረሻ ባይት፣ 128ን፣ ከ«ፐ» የመጀመሪያ ባይት፣ ከ225 ጋር ነው። ስለዚህ ትርጉሙ «ከ128 እስከ 225 ያለ ማንኛውም ባይት» ሆነ። የግዕዝ ፊደላት ባይቶች በሙሉ እዚያ ውስጥ ስለሚወድቁ ነገሩ የተሳካ ይመስላል።

ችግሩ አራት ነጥብ ላይ ይወጣል። «።» ራሱ የሚጻፈው በ225፣ 141፣ 162 ነው፤ ሦስቱም እዚያው ክልል ውስጥ ናቸው። «15።» ሲመጣ የ«።» ሕግ ከስም ሕጉ በላይ ከተጻፈ ችግር የለም፤ ቁጥሩ ላይ ይቆረጣል። ታሪፉ በቁጥር ሳይሆን በስም ካለቀ፣ ለምሳሌ «ታሪፍ ፒያሳ አቶቴ ዋጋ።» ከተባለ ግን፣ ፍሌክስ ረጅሙን ስለሚመርጥ «ዋጋ።»ን ከነአራት ነጥቡ አንድ ስም ያደርገዋል። ፓርሰሩ አራት ነጥብ ሲጠብቅ አያገኝም። ተማሪው ግራመሩን ይጠረጥራል፤ ጥፋቱ ግን ሌክሰሩ ላይ ነው።

ትክክለኛው ባይቶቹን በኦክታል (በስምንት ቤት ቁጥር) መጻፍ ነው፦

\341[\210-\214][\200-\277]|\341\215[\200-\232]

ይህ ከሀ እስከ ፚ ያሉትን ፊደላት ይይዛል፤ ሥርዓተ ነጥቡንና የግዕዝ ቁጥሮቹን ይተዋል። ለዚህ ስም ሰጥተው ከታች በመደመር ምልክት ይደጋግሙታል። ይህን መስመር ግን ዝም ብለው አይስጧቸው። የዩኒኮድ ሠንጠረዡን ይስጧቸውና ራሳቸው ይድረሱበት። ስለ ኢንኮዲንግ አንድ ሙሉ ሌክቸር የማያስተምረውን ይህ ያስተምራቸዋል።

ረጅሙ ያሸንፋል፣ እኩል ከሆኑ ደግሞ ፋይሉ ላይ የቀደመው ያሸንፋል የሚለውንም እዚሁ ያሳዩ። «ከሆነ» የሚለው ቁልፍ ቃል ከስም ሕጉ በታች ከተጻፈ በፍጹም አይደረስበትም፤ ፍሌክስም ሕጉ ሊገጥም እንደማይችል ያስጠነቅቃል። «ከሆነም» ከመጣ ግን የትም ቢጻፍ ስም ነው፤ ይረዝማላ። ሌላም አለ። «ማታ» ብሎ የሚጽፍና «ማታም» ብሎ የሚጽፍ፣ «ሰዓት» የሚልና «ሠዓት» የሚል ተማሪ ይኖራል። ሌክሰሩ እነዚህን አንድ ማድረግ አለበት ወይስ የለበትም? መልሱን ለእነሱ ይተዉት፤ ጽፈው ይከራከሩበት።

ቀጥሎ ፓርሰሩ። ይህን ያስገቡ፦

ማታ ከሆነ ዝናብ ከሆነ 30 አለበለዚያ 15።

15ቱ ብር የማን ነው? ዝናብ የሌለበት ማታ ነው ወይስ ቀን? ክፍሉን ይጠይቁ፤ ለሁለት ይከፈላሉ። መጽሐፉ ላይ ዳንግሊንግ ኤልስ እየተባለ የሚጠራው ችግር በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መጣላቸው ማለት ነው። ባይሰን 1 የሺፍት/ሪዲዩስ ኮንፍሊክት ይነግራቸውና «አለበለዚያ»ን ከቅርቡ «ከሆነ» ጋር ያስተሳስረዋል። በዚህ አተረጓጎም ዝናብ የሌለበት ማታ 15 ብር ይሆናል፤ ቀን ላይ ግን ታሪፍ የለም! ባጃጅ ነጂው ይህን ይቀበላል? ተማሪው የግድ መወሰን አለበት። ወይ መዝጊያ ቃል ይጨምራል፣ ወይ የባይሰንን ምርጫ አውቆ ይቀበላል። አውቆ ከተቀበለ ፋይሉ ላይ «ኤክስፔክት 1» ብሎ ያውጅ። ያኔ አንድ አዲስ ኮንፍሊክት ሾልኮ ቢገባ ባይሰን ኤረር ሰጥቶ ይቆማል። ከላይ ባለው ካልኩሌተር ላይ «ኤክስፔክት 16» ብሎ የሚያስረክብልዎት ካለ ግን ዜሮ ይስጡት፤ ምክንያቱንም ይንገሩት።

ሪዲዩስ/ሪዲዩስ (ሁለት ሕጎች እኩል ሊጠቀልሉ የሚችሉበት) ከመጣ ጉዳዩ ይከፋል። ባይሰን ፋይሉ ላይ የቀደመውን ሕግ ይወስዳል። የሕጎቹን ቦታ ማቀያየር ትርጉሙን ይቀይረዋል ማለት ነው። ይህን ዓይነት ኮንፍሊክት ይዞ ማስረከብ ክልክል ይሁን።

ሲ ላይ ጊዜያቸውን የሚበላ አንድ ነገር አለ፤ አስቀድመው ቢነግሯቸው ሁለት ላብ ያተርፋሉ። ፍሌክስ የተገኘውን ጽሑፍ የሚያስቀምጥበት ዋይዋይቴክስት ጊዜያዊ ነው። ተማሪው ፖይንተሩን ብቻ ለፓርሰሩ ካሳለፈ ቀጣዩ ቶከን (ሌክሰሩ የለየው ቃል) ሲነበብ ይዘቱ ይቀየርበታል። ፒያሳና አቶቴ ተመዝግበው ነበር፤ ሲታተሙ ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ ማሳለፍ ነው ያለበት። እንዲሁም ፍሌክስ ያላወቀውን ፊደል ዝም ብሎ ስክሪን ላይ ይደፋዋል። መጨረሻ ላይ «ሌላ ማንኛውም ነገር ከመጣ ከነመስመር ቁጥሩ ስህተት ነው በል» የሚል ሕግ ይኑር።

ስለ ስህተት መልእክት አጭር ልበል፦ ባይሰን ሳይጠየቅ «ሲንታክስ ኤረር» ብቻ ነው የሚለው። የጠበቀውንና ያገኘውን እንዲናገር ማድረግ አንድ መስመር ነው፤ ያስጨምሯቸው። «ኤረር» የሚለውን ልዩ ቶከን ከ«።» ጋር አጣምረው ከተሳሳተው መስመር ወደሚቀጥለው መዝለልንም ይሞክሩ። አራት ነጥብ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚመስለው።

አንትለርን በተመለከተ፦ ጥሩ ቱል ነው። ዩኒኮድን ያውቃል፤ አራተኛው ቨርዥን ቀጥተኛ ሌፍት ሪከርሽንንም ይቀበላል። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ተማሪ ቢጠይቀኝ እሱን እመክራለሁ። ለዚህ ኮርስ ግን አልመርጠውም። አሻሚ ግራመር ቢሰጡት አስቀድሞ አያስጠነቅቅም፤ ከአማራጮቹ የቀደመውን ወስዶ ይቀጥላል። እኛ ደግሞ ማስተማር የምንፈልገው ያንን ማስጠንቀቂያ ማንበብ ነው። የተማሪዎቹ ሲ በጣም ደካማ ከሆነ የዴቪድ ቢዝሊ ፕላይ አለ። በፓይተን ነው፤ በያክ (በባይሰን ቀዳሚ) መንገድ ይሠራል፣ ኮንፍሊክቱንም ይናገራል። የባይት ጣጣው ግን ስለማይኖር ጥሩውን የኢንኮዲንግ ትምህርት ያጣሉ ማለት ነው። ፍሌክስና ባይሰን ትንንሽ ናቸው፤ አንዴ ከተጫኑ ኔትወርክ ቢጠፋም ላቡ ይቀጥላል።

«ይህ ያረጀ ነገር አይደለም ወይ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። እውነቱን ይንገሩት። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር የሲ ፕላስ ፕላስ ፓርሰሩን እ.ኤ.አ. በ2004 ከባይሰን ወደ በእጅ የተጻፈ ቀይሯል። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ደግሞ ዛሬም በፍሌክስና በባይሰን ነው የሚሠራው። ፓይተን ከ3.9 ጀምሮ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2020፣ አዲስ ፓርሰር ያዘ፤ እሱም ከግራመር ፋይል በጀነሬተር የሚመረት ነው። ቱሉ ይለዋወጣል። አንድ ግራመር ሁለት ዛፍ እንደሚሰጥ የማየት ችሎታ ግን ሁሉም ቦታ ይፈለጋል።

ፈተናውን እንዲህ ያድርጉት። ኮምፓይል የሚሆን፣ የተለመዱትን ሙከራዎች በሙሉ የሚያልፍ፣ ግን አንድ ስህተት ያለበት ግራመር ይስጡ። ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን፦ የተሳሳተ ውጤት የሚያወጣውን አጭሩን ግብዓት አምጣ፤ ዛፉን ሥለህ አሳይ። ፕሮጀክቱን ደግሞ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብሎ ያቅርብ። ከፊትዎ አንድ አዲስ ሕግ፣ ለምሳሌ «ቅዳሜ ከሆነና ማታ ከሆነ» የሚለውን፣ ይጨምርልዎት። ኮዱን ከቻትጂፒቲም ያምጣው ከጓደኛው፣ አሥር ደቂቃ ውስጥ ይለያል።

ሴሚስተሩ ተጋምሶብዎት ከሆነ ሁሉንም አይሞክሩ። የቅንፉን ላብና የባጃጁን ቋንቋ ብቻ ይያዙ። የታሪፉን ግራመር መጀመሪያ ራስዎ ይጻፉትና ስንት ኮንፍሊክት እንደወጣ፣ ካውንተርኤግዛምፕሉም ምን እንዳሳየዎት እዚህ ይጻፉልኝ፤ አብረን እናየዋለን።